ተመስገን የማይባልበት ወንበር

«ሕመሙ ቆሞላታል ነው የሚሉት።»

«ማን ነገረሽ?»

«ልጅቷ። ትልቋ። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ።»

«እኔን የሚያስፈራኝ መቆሙ ነው።»

ከዚህ ሌላ በልቤ የያዝኩት ነገር የለም። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ነርስ ሳትሆን አትቀርም። ሌላው ሐኪም ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ፊቱን አላየሁትም። እኔ ከአረንጓዴ መጋረጃ ጀርባ፣ እናታችን ያልበላችውን ዳቦ ይዤ ቆሜ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ንግግር ሳይሆን ሩጫ ነው፤ የብዙ ሰው ጫማ ሲሮጥ። እናታችን በማግሥቱ አረፈች።

ደስ ብሏት የነገረቻቸው ትልቋ ልጅ እህቴ አንጓች ናት። ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። መጋረጃው ጀርባ የሰማሁትን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ለእሷ ሳልነግራት ኖርኩ።

*

በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እህቴን ወደ ድንገተኛ ሕክምና ቤት ወሰድኳት። ከእሑድ ጀምሮ ሆዷን ያማታል። እንብርቷ ዙሪያ ጀመረና ወደ ቀኝ ወረደ። መጀመሪያ የጾሙ ነው አለች፤ ቀጥሎ የብርድ ነው አለች። ቁጭ ብላ እንዳነጋች ጎረቤቷ ደውላ ባትነግረኝ ኖሮ እኔም የጾሙ ነው ብዬ በተቀመጥኩ ነበር።

የእኔ ሥራ ማዳመጥ ነው። ከመሬት በታች የሚያፈስ የውኃ ቧንቧ እፈልጋለሁ፤ የብረት ዘንግ አስፋልቱ ላይ አቁሜ ጫፉን ጆሮዬ ላይ እደግፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ሲደጋገም ለመድኩት። በየጊዜው መሣሪያ ይመጣል፣ ይበላሻል፣ ይሄዳል፤ ዘንጉ አለ። ያን ዕለት ጠዋትም ዘንጌን ጎረቤቷ ጋ አስቀምጬ ነው የወጣሁት።

በሩ ላይ ዘበኛው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይናገራሉ?»

«ትናገራለች።»

«በቀኝ።»

ራሳቸውን የሳቱ በግራው በር ይገባሉ፤ እነሱን ሐኪም ወዲያው ያያቸዋል። አፉ የሚሠራ ሰው ግን በቀኙ በር ገብቶ፣ ወንበር ይዞ፣ ስለ ራሱ ይናገራል። ለእኔ ክንዴ ላይ ግራጫ ጨርቅ አሠሩልኝ፤ አስታማሚ ማለት ነው። ደንቡን አነበቡልኝና በአውራ ጣቴ አስፈረሙኝ። ጥያቄ ሲቀርብ አስታማሚ አይናገርም። አስታማሚ በሽተኛውን የሚናገረውን አያስጠናም። ሦስት ጊዜ የተላለፈ እንደሆነ በሽተኛው ወንበሩን ይለቃል።

ደንቡ ሲወጣ ሰው አጨብጭቦ ነው የተቀበለው፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ከዚያ በፊት ዘመድ የበዛለት፣ ድምፁ የጎላለት ነበር የሚቀድመው። ሐኪሙን ኮቱን ይዘው የሚጎትቱ ሰዎች ነበሩ። ማንም የሌለው በር ላይ ይሞት ነበር። እንግዲህ ማንም ለማንም አይናገር፣ ሁሉም ለራሱ ይናገር ተባለ። አዳራሹ ውስጥ ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ ሕመምዎን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም።

አርባ አንድ ወንበር አለ። ከእያንዳንዱ ወንበር በላይ እፍኝ የምታህል ነጭ ነገር ተንጠልጥላለች፤ ሕዝቡ ጆሮ ይላታል። መብራቷ ብጫ ሲሆን ታዳምጣለች፤ አረንጓዴ ሲሆን ትጠይቃለች። በየግማሽ ሰዓቱ ትጠይቃለች። ብጫው ጠፍቶ ግን አይቼ አላውቅም። ፊት ለፊት ሰሌዳው አለ፤ የሁሉም ስምና ተራ እዚያ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጆሮዋ ምኑን እንደምትቆጥር የነገረን የለም። ድምፅ ነው የሚል አለ፣ ቃል ነው የሚል አለ፣ ትንፋሽ ነው የሚል አለ።

ስለማይታወቅ ሰው ይለማመዳል። የእኛ ዕድር እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያሠለጥናል። አባላቱ በየተራ ተነሥተው ይታመማሉ፤ ጥሩ አድርጎ ለታመመ ይጨበጨብለታል። ልጆች በትምህርት ቤት የሚወጋ፣ የሚቆርጥ፣ የሚያቃጥል፣ የሚነዝር እያሉ በዜማ ያጠናሉ። እህቴ ዕድሩ ላይ አንድ ቀን ሄዳ ነበር። ተራዋ ደርሶ ብድግ አለች። ምንሽን ነው የሚያምሽ ቢሏት፣ «ኧረ እኔ ምንም አልሆንኩ፤ ተመስገን» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛ አልተመለሰችም።

ሰሌዳው ላይ ዐሥራ አራተኛ ሆና ጀመረች።

አረንጓዴው በራ። ድምፁ የሴት ነው፤ ትሑት ነው።

«ወይዘሮ አንጓች፣ እንደምን ነዎት? ስለ ራስዎ ይናገሩ።»

እህቴ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ እንግዳ እንደምትቀበል ሁሉ ራሷን ዝቅ አደረገች። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን ነዎት?»

«አመሰግናለሁ። ተመዝግቧል።»

ዐሥራ ዘጠኝ።

ከጎናችን የተቀመጠው ወጣት ሳቁን ያዘ። ናኦድ ይባላል፤ ከስኩተር ወድቆ የእጅ አንጓው አብጧል። እጁን በሻርፕ አንጠልጥሎ በሌላው እጁ ብስኩት ይበላል።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት?» አላት። «ተመስገን የምትለዋ ነገር እኮ አምስት ቁጥር ነው የምታስወርደው። አሁን ቆጠርኩ!»

«ተመስገን ያላልኩ ምን ልበል?»

«ይጩሁ እንጂ!»

«በማን ላይ?»

ናኦድ ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ፤ አስታማሚ ነዎት። እኔ ግን በሽተኛ ነኝ፤ ለበሽተኛ ምላስ ደንብ አልወጣለትም። እትዬ፣ አሁን ይመልከቱኝ።»

የእሱ አረንጓዴ በራ። ብስኩቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

«እሳት ነው!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ዞረ። «ከጣቴ እስከ ብብቴ እሳት ይነዳል! አጥንቴ በአጥንቴ ላይ ይፈጫል! ጣቶቼ የእኔ አይደሉም፤ የሌላ ሰው ጣት ነው የተሰፋልኝ!»

«አመሰግናለሁ። ተመዝግቧል።»

ከዐሥራ ስድስት ወደ ዘጠኝ ወጣ። ብስኩቱን አነሣ። «የዕድራችን ውድድር ላይ ሁለተኛ ነኝ» አለኝ። «አንደኛ የወጣችው ሴትዮ ምጥ ነበር የተጫወተችው። ምጥን ማን ይችለዋል?»

እህቴ ሳቀች። ስትስቅ ሆዷን በሁለት እጇ ደገፈችው፤ ሳቋም መሐል ላይ ቀረ። ያን አየሁ። ጆሮዋ ግን አታይም።

በሁለተኛው ጥያቄ፣ «ትንሽ ሆዴን ቆረጥ ያደርገኛል» አለች። እኔ ልቤ ከፍ አለ። ወዲያው ቀጠለች፦ «እዚህ ግን ከእኔ የባሰ ሰው አለ። ያቺ ልጅ የታቀፈችዋ ትቅደም፤ እኔ እደርሳለሁ።»

«አመሰግናለሁ። ተመዝግቧል።»

ሃያ ሰባት።

በሦስተኛው ጥያቄ ጊዜ አልቻልኩም። ደህና ነኝ ስትል ሰምቼ፣ «ሁለት ቀን ሙሉ አልተኛችም! የበላችው ሁሉ ይመለሳል!» ብዬ ተነሣሁ። መብራቷ ቀይ ሆነች። «አስታማሚ ተናግሯል። አንድ» አለች፤ በዚያው ትሑት ድምፅ። ሠላሳ ሦስት።

ከዚያ ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ፣ «እታለም፣ ስለ ማርያም ብለሽ ተመስገንን ለዛሬ ተይው» አልኳት። ሹክሹክታዬ ለራሴም አልተሰማኝም። ቀዩ በራ። «አስታማሚ አስጠንቷል። ሁለት።» ሠላሳ ስድስት።

እህቴ ክንዴን መታ መታ አደረገችኝ። «አየህ? ዝም ብትል ኖሮ እስካሁን ደርሶኝ ነበር።» ከዚያ በኋላም በየግማሽ ሰዓቱ ስትጠየቅ ደህና ነኝ ከማለት አልወጣችም፤ ሌላው ሲገባና ሲወጣ እሷ ከሠላሳ ስድስት አልተነቃነቀችም።

*

ከፊት ለፊታችን አቶ ይርዳው የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከጎናቸው ግራጫ ጨርቅ ያሠረች ልጃቸው ተቀምጣለች። ጠዋት ስንገባ ስለ ደረታቸው ይናገሩ ነበር፤ አምስት ሰዓት ገደማ ላይ ንግግራቸው አጠረ፤ ከዚያ ዓይናቸው ክፍት ሆኖ ዝም አሉ።

«አቶ ይርዳው፣ እንደምን ነዎት? ስለ ራስዎ ይናገሩ።»

ዝም።

ልጅቷ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። በሌላው እጇ የአባቷን ጉልበት ትነካካለች። ጆሮዋ ደገመች። ልጅቷ ጉልበታቸውን ጨበጠችው። ጆሮዋ ሦስተኛ ጠየቀች።

«መልስ አልሰጡም። ስምዎ ወርዷል። እናመሰግናለን።»

ከሰሌዳው ላይ ስማቸው ጠፋ። አሁን በሽተኛ ስላልሆኑ ልጅቷ አስታማሚ አይደለችም፤ መጮህ ትችላለች። ጮኸችም። ሲስተር ፀዳለ የምትባል ነርስ ከውስጥ እየሮጠች መጣች፤ አንገታቸውን ነካች።

«ራሳቸውን ስተዋል» አለች። «በግራው በር ነው የሚገቡት። ቶሎ ውሰጃቸው፣ የኔ እህት።»

«እዚህ ውስጥ አይደሉም እንዴ? ይኸው በሩ!»

«ከዚህ ከገቡ በዚህኛው ተራ ነው የሚቆጠሩት። በውጪ ዙሪ። እኔም አግዝሻለሁ።»

ውጪው ዶፍ ነው። ሽማግሌውን በባለ ጎማ ወንበር ለሁለት እየገፉ ሕንጻውን ሲዞሩ በመስኮት አየናቸው። ነርሷ ነጠላ ጫማ ነበር ያደረገችው፤ አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም። መስኮቱ እስኪያበቃ ድረስ አየናቸው፤ ከዚያ ግድግዳው ሸፈናቸው። ወደ አዳራሹ ዞርን። የሁሉም መብራት ብጫ ነበር።

እህቴ አማተበች። «ነፍሳቸውን ይማር» ልትል ነበር መሰለኝ፤ «ይማራቸው» ብላ አስተካከለችው።

ወዲያው የናኦድ ስም ተጠራ። ተነሥቶ መሄድ ጀመረና ተመለሰ። የተረፈውን ብስኩት ጭኔ ላይ አስቀመጠ። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጩሁ። ለእኔ ሲሉ። አደራ፣ ተሻለኝ ብቻ አይበሉ። ተሻለኝ ያለውን ወደ ቤቱ ነው የሚሸኙት።»

«እግዜር ይማርህ፣ የኔ ልጅ። ሂድ፣ እጅህን አሳይ።»

*

ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል እህቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከጠዋት ጀምሮ የታጠፈው ወገቧ ተፈታ። ወደ ወንበሩ መደገፊያ ተለጠጠች።

«ጥላዬ» አለችኝ። «ለቀቀኝ።»

«ምኑ?»

«ሕመሙ ነዋ! እልም ነው ያለው። የሆነ ነገር ጧ ያለ መሰለኝ፣ ከዚያ ለቀቀኝ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «በእሷ ጾም፣ በእሷ ሱባኤ። ማርያም ደረሰችልኝ።»

ቧንቧ ሲያፈስ ይጮኻል። ዘንጉን ጆሮህ ላይ ደግፈህ ሲያፏጭ ትሰማዋለህ፤ የሚያፏጭ ቧንቧ ገና ቧንቧ ነው፤ ግፊት አለው። ፉጨቱ አንዳንድ ጊዜ በድንገት ጸጥ ይላል። ጀማሪ ሠራተኛ ያን ጊዜ ደስ ይለዋል፤ ተደፈነ ብሎ ዘንጉን ያነሣል። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ እንዲሁ ደስ ብሎኝ ዘንጌን አንሥቻለሁ። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ከነመኪናው ሰመጠ። ከሥር ለሁለት ተተርትሮ ነበር፤ ፉጨቱ የቆመው ውኃው ሰፊ መውጫ ስላገኘ ነው።

እጄን ሆዷ ላይ አደረግኩ። እንደ ጣውላ ደርቋል። ግንባሯ ረጥቧል፤ ላቡ ቀዝቃዛ ነው። እሷ ግን ፈገግ ብላ ጣሪያውን ታያለች።

*እኔን የሚያስፈራኝ መቆሙ ነው።*

ተነሥቼ ወደ ሲስተር ፀዳለ ሄድኩ። ከዝናቡ ተመልሳ አንድ እግሯ ባዶውን ቆማለች። የሽማግሌውን ነገር ለመጠየቅ ወኔ አጣሁ።

«ሲስተር፣ የእህቴ ሕመም ቆመ።»

መድኃኒት የያዘው እጇ ባለበት ቀረ። «የምኗ?»

«የሆዷ። የቀኝ በኩል። ሁለት ቀን አሟት፣ አሁን በድንገት ቆመ። ሆዷ ደርቋል።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ወደ ሰሌዳው ተመለከተች፤ ሠላሳ ስድስት። በራሳችን ላይ ወዳለችው ብጫ መብራት ተመለከተች። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ዝቅ ማድረግ እንደማይጠቅም ታውቃለች።

«ጋሼ፣ እኔ የማክመው ሰሌዳው የሰጠኝን ነው። ከሰሌዳው ውጪ እጄን ያነሣሁ ቀን በማግሥቱ እዚህ አልገኝም፤ ከዚያ እኒህን ሁሉ የሚነካቸው የለም። ከአፏ ይውጣ። ከእሷ አፍ እንዲህ ሆኛለሁ የሚል ይውጣ እንጂ፣ እኔ ራሴ ሮጬ እመጣለሁ።» ከዚያ፣ «ቶሎ» አለች።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰሌዳው ለቀጣዩ ጥያቄ የቀረውን ያሳያል፤ ዐሥራ አንድ ደቂቃ።

ምን ልበላት? ተናገሪ ብላት ማስጠናት ነው። ፍሪ ብላትም ማስጠናት ነው። ሦስት ከሆነ ወንበሩ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ስትጠየቅ፣ ለቀቀኝ፣ ተመስገን፣ ማርያም ደረሰችልኝ ልትል ተዘጋጅታለች፤ ውሸትም አይደለም፤ እውነት ለቋታል። ጸሎት ላድርግ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የመጣልኝ ጸሎት ሳይሆን አረንጓዴው መጋረጃ ነው።

አንድ ያልነገርኳት ነገር ነበር። ምክር አይደለም። የድሮ ወሬ ነው።

«እታለም» አልኳት፤ «እማዬ የታመመች ጊዜ ሐኪም ቤቱ ትዝ ይልሻል?»

«አሁን እሱን ምን አመጣው?»

«መጋረጃው አረንጓዴ ነበር።»

«አዎ፤ ጫፉ የተቀደደ። አንተ ዳቦ ይዘህ ጠፍተህብን ስፈልግህ ነበር።»

«ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ።»

የሰማሁትን ነገርኳት። አራቷን ንግግር፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። «ልጅቷ፣ ትልቋ፣ ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ» የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ ከበደኝ፤ ግን አልዘለልኩትም። እየነገርኳት ወደ ላይ አየሁ። ቀይ እስኪሆን ጠበቅኩ። ብጫ እንደሆነ ቀረ። ለጆሮዋ ይህ የሞተች ሴት ወሬ ብቻ ነው።

እህቴ ፈገግታዋ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። ሰባት ደቂቃ ይላል ሰሌዳው።

«እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አለች።

«ዐሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር።»

«እማዬ፣ ለቀቀኝ ልጄ፣ አለችኝ። እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳቸው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።» ፊቷን ከእኔ አዞረች። «በማግሥቱ ስትሞት፣ በሌላ ነገር ነው አሉን። እኔም በሌላ ነገር ነው ብዬ ኖርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«አንተ ግን ታውቅ ነበር። አርባ ሦስት ዓመት። በየተዝካሩ አጠገቤ ተቀምጠህ።»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«አሁንስ እንዴት ነገርከኝ?»

ወደ ላይ አየሁ። እሷም ያየሁትን አየች፤ ብጫውን። ከዚያ ቀስ ብላ የገዛ እጇን ወደ ሆዷ ወሰደች፣ ጫን አደረገችው። ልብሷ ላይ ሲያርፍ ጣቶቿ አልሰጠሙም። ቤቷ የገባን ሌባ በጨለማ እንደነካች ሁሉ እጇን መነጨቀችው።

አራት ደቂቃ።

«እና ማርያም አልደረሰችልኝም በለኛ!» አለች። ተቆጥታ ነው። እህቴ ስትፈራ ትቆጣለች።

«እንዲያ አላልኩም።»

«ታዲያ?»

«ያኔ መጋረጃው ጀርባ ማን አቆመኝ?»

ይህን ስል ላጽናናት ብዬ አልነበረም። ለራሴም የመጣልኝ ገና ያን ጊዜ ነው። ትኩር ብላ አየችኝ። ላቧ ከግንባሯ ወደ ቅንድቧ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

ሦስት ደቂቃ።

«ተመስገን ሳልል እንዴት ነው የምጀምረው?» አለች። «አፌ አያውቅበትም፣ ጥላዬ። በዚያ ላይ ውለታ መካድ ነው። እስከዛሬ ያቆየኝን አምላክ፣ ዛሬ አንድ ቀን አመመኝ ብዬ?»

ለዚህ መልስ ነበረኝ። ሦስት መልስ ነበረኝ። አንዷን ብተነፍስ ግን ወንበሩ ይሄዳል። ጥርሴን ነከስኩ።

«ዝም አትበለኝ እንጂ!»

ክንዴ ላይ ያለውን ግራጫ ጨርቅ አሳየኋት። አየችው። እኔን አየችኝ። ሕመሟም ፍርሃቷም እንዳለ ሆኖ በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ልጅ ሳለሁ ጥፋት ላይ ስትይዘኝ የምትስቃት ሳቅ።

«አፍህን አሠሩት አይደል?» አለች። «በል እንግዲያው። ሆድህን አላሠሩትም። ተመስገኑን አንተ ያዝልኝ። እኔ ስናገር አንተ በሆድህ ተመስገን በል፤ ይቺ ሆድ ውስጥ አትሰማም። እንዳይቋረጥ ብቻ። አቋርጠህ በኋላ ከአምላኬ እንዳታጣላኝ።»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«ሳታቋርጥ።»

ደግሜ ነቀነቅኩ።

እጄን ያዘች። ጣቶቿ በረዶ ነበሩ። አንድ ደቂቃ ይላል፤ ከዚያ ሠላሳ ሴኮንድ ይላል። ከወዲያ ጥግ ሲስተር ፀዳለ መድኃኒቱን አስቀምጣ ወደ እኛ ዞራ ቆማለች።

«እሺ» አለች እህቴ። «እኔ ደግሞ እጮሃለሁ። ሁለት ቀን ታምሜ በድንገት ቆመ፣ ሆዴ ጣውላ ሆኗል፣ እናቴንም የወሰዳት እንዲህ ቆሞ ነው፣ ፈርቻለሁ ብዬ እጮሃለሁ። እዚያ የቆመችው ልጅ እስክትመጣ እጮሃለሁ።»

ብጫው አረንጓዴ ሆነ።

«ወይዘሮ አንጓች፣ እንደምን ነዎት? ስለ ራስዎ ይናገሩ።»

እህቴ በዚህ ጊዜ ራሷን ዝቅ አላደረገችም። እኔም በሆዴ ጀመርኩ።